አትጨምሪ፣ አትቀንሺ

መጀመሪያ ያወቅኳት በድምፅ ነው። የተከራየኋት ሰርቪስ ክፍል ከእነሱ ወጥ ቤት ጋር ግድግዳ ትጋራለች፤ ብሎኬቱ ደግሞ ከአንድ ረድፍ አይበልጥም። ሳህን ሲሰበርና የሰው ራስ ከቁም ሳጥን ጋር ሲጋጭ የሚሰሙት ድምፆች ይለያያሉ። በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ለየኋቸው። ሳህን ከተሰበረ በኋላ የወንድ ጩኸት ይከተላል። ራስ ከተጋጨ በኋላ ግን ዝምታ ነው፤ ከዝምታው በኋላ የቧንቧ ውኃ ይከፈታል፤ ረዘም ላለ ጊዜ ይፈስሳል።

ግቢው ቦሌ ቡልቡላ ነው። ባለቤቱን አባባ እንላቸዋለን። አሁን ኮንዶሚኒየም የቆመበትን ሜዳ ጤፍ ሲዘሩበት የኖሩ፣ አማርኛውን ከኦሮምኛ ጋር እያዋዙ የሚያወሩ ሽማግሌ ናቸው። ፊት ለፊት ያለውን ባለ አንድ ፎቅ ቤት ለቻይናውያን ባልና ሚስት አከራይተውታል፤ ከኋላ ያለችውን ክፍል ለእኔ። ባልየው እኔ የምሠራበት የሕንፃ ሳይት ኃላፊ ነው። አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ቀን ቀን የእሱን ስድብ ወደ አማርኛ ስመልስ እውላለሁ፤ ቤት ስገባ ደግሞ መተርጎም የማያስፈልገውን በግድግዳው በኩል እሰማለሁ።

ትምህርት የጀመርኩት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። ሲኤምሲ ሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ ከሰዓት በኋላ ባለው ፈረቃ ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አይገባም ነበር። መምህሩ ለትንንሾቹ ማስመሪያ፣ ለእኔ የውኃ ጎማ ነበረው። «አንቺ ትልቅ ነሽ፣ ትችይዋለሽ» ይለኛል። ቻልኩት። አንድ ፊደል በተሳሳትኩ ቁጥር መዳፌ ላይ ሰንበር ይወጣል፤ ማታ ዕቃ ሳጥብ ሳሙናው ሲነካው ፊደሉን አስታውሰዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያንን ፊደል አልስተውም። ኮሌጅ ገብቼ ቻይንኛ ስማር፣ የትርጉም አስተማሪዬ የመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ የጻፈችው «አትጨምሪ፣ አትቀንሺ» የሚል ነበር። ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም፤ መዳፌ ቀድሞ ያውቀዋል።

ይህ ልማዴ ሳይት ላይ ስም አወጣልኝ። አንድ ቀን ኃላፊው ፌሮ የሚያስር ሠራተኛ በጥፊ መታ። ምክንያቱ አንድ የታጠፈ ብረት ነበር። ሠራተኛው ጉንጩን ይዞ ወደ እኔ ዞረና «እጅህ ይቆረጥ ይልሃል በይው» አለኝ። እጅህ ይቆረጥ ይልሃል አልኩት። ሠራተኛው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ተባረረ። ልብሱን በፌስታል ጠቅልሎ ሲወጣ አጠገቤ ቆመ።

«እኔኮ ተናድጄ ነው። አንቺ ትንሽ አታለዝቢም እንዴ?»

«የተናገርከውን ነው ያልኩት።»

«ሰው መስለሽኝ ነው» አለ። «ለካ ካሴት ነሽ።»

ከዚያ ወዲህ ሳይቱ በሙሉ ካሴት ይለኝ ጀመር። «ቀስ በሉ፣ ካሴቷ መጣች» ይላሉ ሲያዩኝ። አላፈርኩም። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝም ነበር።

ከሚስትየው ጋር መጀመሪያ የተነጋገርነው የውኃ ሮቶው ሥር ልብስ ስናጥብ ነው። አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማለች፤ ፀሐዩ ግን ያቃጥላል። በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ጃፓንኛ የሚያስተምር ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ያስደነገጠኝ ጥያቄው ሳይሆን የጠየቀችበት ሁኔታ ነው፤ ሰው መርዝ የት እንደሚሸጥ የሚጠይቅ ነበር የምትመስለው።

ታናሽ እህቷ ጃፓን ናት። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ያ ቤት ሰው ይፈልጋል፤ የቋንቋ ፈተናውን ላለፈ ሰው የሥራ ፈቃድ ያስጨርሳል። የምትድንበት መንገድ ይኸው ብቻ ነበር።

«አገርሽ ለምን አትመለሺም?» አልኳት።

«እዚያ እናቱ አለች። ወንድሞቹ አሉ። በሄድኩ በሳምንቱ መልሰው ያመጡኛል። የእኔ እናት ደግሞ ቻይው ነው የምትለው።»

«የእኔም እንደዚያ ነው የምትለው» አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ከንፈሯ የተሰነጠቀበት ቦታ ደማ።

ለባሏ የጃፓን ነገር አይነሣም። የአያቱን መንደር የጃፓን ወታደሮች አቃጥለውታል። የአያቱን ሦስት ወንድሞች ከጉድጓድ አፍ ላይ አሰልፈው በሳንጃ ወግተዋቸዋል። ይህን ሳይት ላይ ሲጠጣ ይተርካል፤ ሳንጃው የት ገብቶ የት እንደወጣ በጣቱ እያሳየ። እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ ለሠራተኞቹ ተርጉሜዋለሁ። የእሷም የአያቷ እህት በዚያው ጦርነት ነው የሞተችው። ይህን ስትነግረኝ የምታጥበውን ሸሚዝ እየጠመዘዘች ነበር።

«የገደሏት ሰዎች ቋንቋ ነው» አለች። «አውቃለሁ። እነሱ ግን የገደሉት እሷን ነው። እኔን የሚገድለኝ ይሄኛው ነው።»

ስለዚህ ዋሸን። አማርኛ ላስተምራት ነው ብዬ ባሏን አስፈቀድኩት። እሱም ወደደው፤ ሠራተኛ ስትጠራ፣ ገበያ ስትወጣ ይጠቅማታል አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቡልቡላ ቦሌ ሚካኤል፣ ከዚያ ታክሲ ቀይረን መድኃኔዓለም ጀርባ እንሄዳለን። ትምህርቱ ሥጋ ቤት ያለበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የጥብሱ ሽታ ደረጃውን ተከትሎ ክፍል ድረስ ይገባል። መምህራችን ጃፓን ብዙ ዓመት የኖረ ኢትዮጵያዊ ነው። ተማሪዎቹ የውጭ ዕድል የሚፈልጉ ልጆች ናቸው፤ «ሴንሴ» ይሉታል፣ በጃፓንኛ መምህር ማለት ነው። «ሴንሴ፣ ፕሊስ ቀስ በልልን፣ ሎስት ሆነናል።»

የመጀመሪያው ቀን ሴንሴ ማርከሩን እንደያዘ እጁን አንሥቶ ወደ እኛ ዴስክ ሲመጣ፣ እሷ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ተሸበለለች። አንድ ልጅ ሊስቅ ሞከረና ተወው። ሴንሴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ እኛ ሲመጣ ማርከሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ እጆቹን እያሳየ ነበር የሚመጣው።

ሁለታችን ተደምረን አንድ ተማሪ ነበርን። ጽሕፈቱን እሷ ታውቀዋለች፤ ከአገሯ የወጣ ነውና በልጅነቷ ነው የጨረሰችው። እኔ አንዱን ምልክት ለመጻፍ ስታገል በእርሳሷ ጀርባ ጣቴን ትነካኛለች፤ እንደ አንደኛ ክፍል መምህሬ አትመታም፣ ትነካለች። የአረፍተ ነገሩ አካሄድ ግን ለእኔ ቀለለኝ፤ ግሱን እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ለእሷ ይኼ ስቃይ ሆነባት። «ሰውዬው ምን እንዳደረገ ለማወቅ እስከ መጨረሻው መጠበቅ አለብኝ?» ትለኛለች። ሴንሴ በአማርኛ ያስረዳል፣ እኔ በቻይንኛ አንሾካሹክላታለሁ፣ እሷ በጃፓንኛ ትመልሳለች። ደብተሮቹ እኔ ክፍል ነው የሚያድሩት፣ ከፍራሹ ሥር።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ለባሏ የምታሳየው አማርኛ አስጠናታለሁ፤ በሳምንት አምስት ቃል። ሽንኩርት፣ ነገ፣ ስንት ነው፣ ወራጅ፣ በቃ። «በቃ» የምትለዋን ወደደቻት። ረዳቱ በሩን ሲዘጋ በቃ፣ ዝናብ ሲያባራ በቃ።

አንድ ቀን አባባ በር ላይ አገኙንና «ኢንተላ ኮ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ደብተር ይዛችሁ የት ነው?» አሉኝ። ኢንተላ ኮ ልጄ ማለታቸው ነው። ጃፓንኛ ልንማር ነው አልኳቸው። ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ምስጢር መሆኑን አልነገርኳቸውም። አልጠየቁኝማ።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ባሏ ግቢው መሐል ፈተናት። ለአባባ ባለቤት ‹የላይኛውን በር ቁልፍ ስጪኝ› ብለሽ በአማርኛ ንገሪያት አላት። ዝም አለች። ደገመላት። «ሽንኩርት» አለች፤ ቀጥላም «ነገ»። የአባባ ባለቤት ሳቁ፤ ቀልድ መስሏቸው ነው። እሱም አብሮ ሳቀ። እየሳቀ በያዘው የሻይ ቴርሞስ አናቷን መታት። ቴርሞሱ ውስጡ ተሰበረ፤ ትኩሱ ውኃ ከብርጭቆው ስብርባሪ ጋር በአንገቷ ወረደ። እሷ አልጮኸችም። የጮኹት የአባባ ባለቤት ናቸው።

አባባ ከአጥሩ ሥር ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«በእኔ ግቢ» አሉ፤ ለማንም አይደለም። ወደ እኔ ዞሩ። «ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንቀመጣለን። ጃርሳ እጠራለሁ። ሽማግሌ። አንቺ አፍ ትሆኚናለሽ።»

«እሺ አባባ።»

እሑድ አቮካዶው ሥር አምስት የላስቲክ ወንበር ተደረደረ። አባባ፣ ከግቢው ማዶ የሚኖሩት የትግራይ ሰው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ፣ ባልና ሚስት፣ እኔ። ባልየው የመጣው ቤቱን ማጣት ስለማይፈልግ ነው፤ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። እሷ አናቷ ላይ ፋሻ አለ።

«እነዚህ ሽማግሌዎች ምን ቤት ናቸው? ስለ ሚስቴ ምን አገባቸው?» አለኝ ባልየው።

ተረጎምኩ። ነጋዴው ፈገግ አሉ።

«ንገሪው፤ እኔም ሚስት አለችኝ። እኔም እናደዳለሁ። ስናደድ ወጥቼ መኪናዬን ነው የማጥበው። ሠፈሩ ውስጥ እንደኔ መኪና የጸዳ የለም።»

ባልየው ሳቀ። ነገሩ መልካም ይመስል ነበር።

ሽማግሌ ሲቀመጥ ወደ ወቀሳው በቀጥታ አይገባም። መጀመሪያ ሁለቱንም ያመሰግናል፤ ሰው ሲመሰገን ልቡ ይከፈታል፣ ከዚያ ጥፋቱን ያስገቡለታል። አባባ ባልየውን ጠንካራ ሠራተኛ ነው፣ ኪራይ አያሳልፍም ብለው አመሰገኑት። ተረጎምኩ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

«ይቺ ልጅ ደግሞ እንቁ ናት። እንዲህ ተጎድታ እንኳ ትምህርቷን አልተወችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሯን ይዛ የጃፓን ቋንቋ ትማራለች። ስንት ሰው ነው እንዲህ ያለ ሚስት ያለው? እንዲህ ያለች ሴት ትከበራለች እንጂ ትመታለች ወይ?»

እሷ ጃፓን የሚለውን ቃል ከክፍል ታውቀዋለች። አየችኝ። አንገቷን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ግራ ነቀነቀች። አየሁት። አላየሁም ብዬ ልጽፍ እችል ነበር፤ አይቻለሁ።

ግን አረፍተ ነገሩ አፌ ውስጥ ተሠርቶ አልቆ ነበር። ጥሩ አረፍተ ነገር ነበር፤ እንቁ ለሚለው ቃል ተገቢውን ቻይንኛ አግኝቼለታለሁ። ሁሉንም ተናገርኩት። ቅዳሜውን፣ ደብተሩን፣ ጃፓንን።

ባልየው እግሩን አወረደና ጎንበስ ብሎ በትሕትና ተቀመጠ። እውነታቸውን ነው፣ አጥፍቻለሁ በያቸው አለኝ። አባባ ፊታቸው በራ። ተነሡና ተጨባበጡ አሏቸው። ቀኝ እጇን ያዘ፤ ከሚገባው በላይ ያዘው። ነጋዴው መረቁ፣ አሜን አልን። ባልና ሚስት ወደ ቤታቸው ገቡ። እኛ ወንበሮቹን ማንሣት ጀመርን።

ሁለተኛውን ወንበር ሳነሣ የጓሮው የላሜራ በር ሲዘጋ ሰማሁ። በሩ ሲዘጋ የሚሰጠውን ድምፅ አውቀዋለሁ። ይኼ እንደዚያ አልነበረም፤ መሐሉ ላይ የሆነ ነገር ነበር። ተከፈተ፣ እንደገና ተዘጋ። ከዚያ የእሷ ጩኸት፣ በአማርኛ።

«በቃ። በቃ። በቃ።»

ታክሲ ውስጥ ያስተማርኳት ቃል ናት። በዚያ ግቢ ስትጮኽ የተሰማችው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ሁላችንም እንድንሰማት በእኛ ቋንቋ።

አባባ በሰባ ዓመታቸው ሮጡ። ከዘራቸውን ባልየው ትከሻ ላይ ሰበሩት። ገፍቶ ጣላቸው፤ ነጋዴው ከኋላ አነቁት፤ ሁለቱ እየተናነቁ የልብስ ገመዱን ይዘው ወደቁ። እኔ የላስቲክ ወንበሩን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ነው፤ ሦስቱ ጣቶች ወደማይታጠፉበት ታጥፈዋል። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ያጨባበጧት እጅ ናት።

ሐኪም ቤት እጇ በጄሶ ሲታሰር አጠገቧ ነበርኩ። ይቅርታ ልላት ስል ቀደመችኝ።

«በትክክል ነው የተረጎምሽው» አለች። አልተቆጣችም። ካሴት ያለኝ ሠራተኛ ይሻለኛል።

ሰኞ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ነበርን። መርማሪው ሳጅን የሁለቱንም ቃል እዚያው አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀበለው፤ ሌላ ክፍል የለም። አስተርጓሚም ከእኔ ሌላ የለም።

«በሩን ንፋስ ነው የዘጋው» አለ ባልየው።

«በሩን ንፋስ ነው የዘጋው ይላል» አልኩ።

«ሁለት ጊዜ?» አለ ሳጅኑ፣ ቀና ሳይል። ተረጎምኩ።

«ሁለት ጊዜ» አለ ባልየው።

ሳጅኑ ጻፈ። በዋስ እንደሚወጣ ነገረው፤ የሚስቱንም ፓስፖርት እዚያው ጠረጴዛው ላይ እንዲያስቀምጥላት አዘዘው። ባልየው ሲያስቀምጠው ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ በቻይንኛ፣ እንደ ጨዋታ አድርጎ፣ «የትም ብትሄጂ ቤቱን አገኘዋለሁ። ሁለተኛው እጅሽ ቀርቷል» አላት። ሳጅኑ ምን አለ አለኝ። የትም ብትሄጂ ቤቱን አገኘዋለሁ፣ ሁለተኛው እጅሽ ቀርቷል ይላታል አልኩ። ያንንም ጻፈው።

ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «አሁን የምታርፊበትን አድራሻ ንገሪኝ። መጥሪያ ስንልክ የምናገኝሽበት።»

ተረጎምኩላት። በቻይንኛ ከመለሰች ባሏ ይሰማል። ጠረጴዛውን አየች፣ ጄሶውን አየች። ከዚያ አፏን ከፈተችና በዝግታ፣ ክፍል ውስጥ ለጥያቄ እንደምትመልስ አድርጋ፣ በጃፓንኛ ተናገረች። የመምህሩ ታላቅ እህት ቤት አርፋለሁ። እኔንና ሴንሴን ሦስት ወር ያታገለ አረፍተ ነገር ነው፤ ግሱን መጨረሻ ላይ አስቀመጠችው፤ አልሳተችም።

የባልየው ፊት እንዴት እንደተለወጠ መጻፍ አልችልም። ሳንጃውን በጣቱ ሲያሳይ እንኳ እንዲህ አልነበረም። ከወንበሩ ተነሣ፤ በር ላይ ያለው ፖሊስ ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው።

«ምንድነው ያለችው?» አለ ሳጅኑ። «ይኼ ደግሞ ለየት አለብኝ።»

እሑድ ማታ ከሐኪም ቤት ያደረስኳት እኔ ስለሆንኩ ቤቱ ሲኤምሲ እንደሆነ አውቃለሁ። ሲኤምሲ ብዬ በድምፅ ብናገር ባልየውም ይሰማዋል።

«ብዕሩን ይስጡኝ፣ እኔ ልጻፈው» አልኩ።

ሰጠኝ። ሰፈሩን፣ መንገዱን፣ የቤቱን በር ቀለም ጻፍኩ። ወረቀቱን ገልብጬ መለስኩለት።

ባልየው ወደ እኔ ዞረ። ደሞዜን የሚፈርመው ሰው ነው፤ ለሁለት ዓመት አፉ ነበርኩ። «ምን አለች?» አለኝ በቻይንኛ።

«አልገባኝም» አልኩት።

«ምን ማለት ነው አልገባኝም? አብረሽ ተምረሽ የለም?»

«አልገባኝም።»

እሷ ቀና አላለችም። ጄሶው ላይ የነበረ የግራ እጇ ግን ጠበቅ አለ።

በማግስቱ ከሥራ ተሰናበትኩ። ፈተናውን ከሳምንታት በኋላ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀመጥን፤ ተራርቀን። እሷ በግራ እጇ ክቦቹን ስታጠቁር ወረቀቱ እየተንሸራተተ ያስቸግራት ነበር፤ ፈታኟ መጥታ ማስመሪያ ጫነችላት። አለፈች። እኔ ወደቅኩ፤ ማዳመጡ ላይ። ክረምቱ ሲወጣ ሄደች። ጣቶቿ አሁንም አይገጥሙም፤ የምትጦራቸው አሮጊት ምን ሆነሽ ነው ብለው ሲጠይቋት በር ነው እንደምትላቸው ጽፋልኛለች።

የስንብት ደብዳቤዬን ከኮሌጅ ዲፕሎማዬ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ምክንያት በሚለው መስመር ላይ «የቋንቋ ችሎታ ማነስ» ተብሎ ተጽፏል። የአማርኛውን ቅጂ እንዳዘጋጅ የታዘዝኩት እኔው ነኝ። ቃል በቃል ነው የተረጎምኩት።